ንስሐና ምስክርነት፦ የሃሪ ኦርቻርድን የኑዛዜ መጽሐፍ ስናነብ

የሰው ደም ያፈሰሰ ሰው የራሱን ታሪክ ሲጽፍ አንባቢው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ የሚናገረው እውነት ነውን? የተጸጸተውስ ከልቡ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1907 በአሜሪካ የታተመው የሃሪ ኦርቻርድ የኑዛዜና የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ያስከትላል። ይኸውም የአንዱ ሰው ንስሐ ሌላውን ሰው ለስቅላት ለማብቃት ይበቃልን? የሚል ነው።

እውነተኛ ስሙ አልበርት ሆርስሊ የሆነው ኦርቻርድ በ1866 በካናዳ ተወለደ። አይብ ሠሪ ነበር። ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ወተት በጋሪ እያዞረ ሸጠ። ሄርኩለስ ከተባለው የማዕድን ሥፍራ ከ16 እጅ አንዱ የእርሱ ነበር፤ ሸጠው። በኋላ ባለድርሻዎቹ ሚሊዮኔሮች ሲሆኑ እርሱ ጉድጓድ ወርዶ በድማሚት የተሰበረ ዐለት በአካፋ የሚጭን ሠራተኛ ሆኖ ነበር።

በ1899 የማኅበሩ ሠራተኞች የባንከር ሂል ኩባንያን የማዕድን ማጣሪያ በድማሚት አፈረሱ። ኦርቻርድ ከክሮቹ አንዱን የለኮስሁት እኔ ነኝ ይላል። በሠራተኞች ድጋፍ የተመረጠው አገረ ገዥ ስቱነንበርግ የፌዴራል ወታደር አስመጣ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆፋሪዎችም ያለ ፍርድ በበረት መሰል ግቢ ታጎሩ። ቂሙ ከዚህ ይጀምራል። ኦርቻርድ በ1904 በኮሎራዶ የባቡር ጣቢያ አፈንድቶ 13 ሠራተኞችን ገደለ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1905 ደግሞ ሥልጣኑን የለቀቀው ስቱነንበርግ የቤቱን የአጥር በር ሲከፍት በተጠመደ ቦምብ ሞተ።

መጽሐፉ ጠንካራ የሚሆነው ስለ ሥራ ሲናገር ነው። ጸሐፊው ስለ ድማሚቱ፣ ስለ አሲዱ ጠርሙስና ስለ ሽቦው የሚያወራው እንደ ባለሙያ ረጋ ብሎ ነው፤ የሚያስፈራውም ይህ እርጋታው ነው። ለሟቾቹ የሰጠው ቦታ ግን ጠባብ ነው። በአንጻሩ አዘዙኝ የሚላቸው የማኅበሩ መሪዎች፣ በተለይም ሄይውድ፣ በየምዕራፉ ይመላለሳሉ።

ለዚህም ምክንያት አለው። ኦርቻርድን ያናዘዘው የፒንከርተን መርማሪ ማክፓርላንድ ነበር። መርማሪው ነፍስ ያጠፋው ንጉሥ ዳዊት ምሕረት እንዳገኘ ነገረው፤ በዚያው አፉም ለመንግሥት መስክረው ከገመድ ያመለጡ ሰዎችን አነሣለት። ንስሐና ድርድር በአንድ ማሰሮ ተቀቀሉ። ዳዊት ግን ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው በደሉን በራሱ ላይ ብቻ ነው የተናገረው፤ ኢዮአብን አልከሰሰም።

ኦሪታችን በአንድ ምስክር ቃል ሰው አይገደል ይላል። የአይዳሆ ሕግም የግብረ አበር ቃል ብቻውን እንዳይታመን ይከለክል ነበር። ሁለተኛው ግብረ አበር ስቲቭ አዳምስ የሰጠውን ቃል ካደ። ስለዚህ በ1907 የፍርድ ሸንጎው ሄይውድን በነጻ ለቀቀው። ዳኛው ፍሪሞንት ውድ ራሳቸው ኦርቻርድን ያምኑት ነበር፤ ሕጉን ግን ከእምነታቸው አስቀደሙ። ሄይውድ በእርግጥ አዝዞ ይሆን? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በአገር ቤት አባቶቻችን ኃጢአታቸውን ለቄሱ በምስጢር ይናዘዙ ነበር። ኦርቻርድ ግን ኑዛዜውን ሄይውድ ገና በሚዳኝበት ወቅት በመጽሔት ማሳተም ጀመረ። እንዲህ ሲባል ንስሐው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። የሟቹ ሚስት ይቅር ብላዋለች። እርሱም የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦለት እስከ 1954 በእስር ቤት ኖሮ በ88 ዓመቱ እዚያው ሞተ። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ነው። አንባቢ ግን ጸሐፊው ስለ ራሱ የሚለውንና ስለ ሌላው የሚለውን ለይቶ ይመዝን፤ የመጀመሪያው ለፈጣሪ የቀረበ ሲሆን ሁለተኛው ግን ምስክር ይሻል።