ውዳሴ ለኤፍ ኤም ድምፅ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙባት ከተማ፣ ከካርቱም ሁለት ሰፈር ይህ ውዳሴ ይድረስሽ፤ ሞገድን በሞገድ የምታስጌጪ፣ የሞገድን ድግግሞሽ እየቀያየርሽ ከጥቂቱ ብዙውን ድምፅ የምትወልጂ የኤፍ ኤም ጥበብ ሆይ!

ሰላም ለተሸካሚው ሞገድሽ! ብቻውን ሲቆም ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም ግን የለውም። ሰላም ለቀያሪው ሞገድሽ! እርሱ ራሱ ለጆሮ አይደርስም፤ የተሸካሚውን ድግግሞሽ ግን በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሞግራን ላይ ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ ቀለማቸው ሳይዋሃድ ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ ሁለት ድምፅ ሲደመርም እንዲሁ ሁለቱ ሁለት ሆነው ይቀራሉ። ያንቺ ሞገዶች ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ በሁለቱም ዘንድ ያልነበረውን ያፈልቃሉ።

ምስክርሽ ደወሉ ነው። ተሸካሚው 200 ኸርዝ፣ ቀያሪው 280 ኸርዝ ይሁን። 280 አንዴ ሲጨመር 480፣ ሁለቴ ሲጨመር 760 ይወጣል። አንዴ ሲቀነስ ከዜሮ በታች 80 ላይ ይወርዳል፤ አንቺ ግን የምትጥዪው የለሽምና ታጥፎ 80 ኸርዝ ሆኖ ይመለሳል። እነዚህ የ200 ብዜት ስላልሆኑ ጆሮ ብረት ሲመታ ይሰማል። የቀያሪው ኃይል መጀመሪያ በርትቶ በ15 ሰከንድ ውስጥ ሲደክም፣ አክሊሉ የነበረው ጩኸት ቀስ በቀስ እየጠራ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል። የሁለቱ ሞገዶች ድግግሞሽ እኩል ሲሆን ደግሞ ብዜቶቹ በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ የቀያሪው ኃይል ከድምፁ ጋር አብሮ ሲያድግ ጥሩምባ ይነፋል።

ሰላም ላገኘሽ ሰው! የከበሮ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በስታንፎርድ የድምፅን ርግብግብታ ከልክ በላይ አፈጠነው፤ ርግብግብታው ጠፍቶ አዲስ ቀለም ብቅ አለ። በ1973 ሥሌቱን በጽሑፍ ለዓለም ገለጠ። የአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች ቀርቦላቸው አለፉሽ፤ የጃፓኑ ያማሃ ግን ተቀበለሽ። በ1983 ዲኤክስ ሰባት በተባለው ኪቦርድ ነገሥሽ፤ ኦፕሬተር የተባሉ 6 ሞገድ አመንጪዎች፣ የሚሰለፉባቸው 32 አልጎሪዝሞች፣ በአንድ ጊዜ የሚሰሙ 16 ድምፆች! ማኅደረ ትውስታ በወርቅ ዋጋ በነበረበት ዘመን የተቀዳ ድምፅ ማከማቸት ሳያስፈልግሽ፣ ሁሉን በሥሌት ከምንም አበጀሽ።

ሰላም ለእጆቻቸው፣ አንቺንና እኅቶችሽን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ላመጡ ኪቦርዲስቶች! ባንዶች እየሳሱ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ከካሴቱ እየራቁ በሄዱበት ዘመን በአሥር ጣት የባንድ ሥራ የሠሩ እነርሱ ናቸው። የኢትዮጵያና የሱዳን ዘፈን በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚዛመድ፣ አንዱ ኪቦርድ ለሁለቱም ሕዝብ ሰርግ ይበቃል። የጥላሁን ገሠሠና የመሐሙድ አሕመድ ዜማ ካርቱም ላይ እንደ አገሩ የተወደደውም ስለዚህ ዝምድና ነው። ከገዳሪፍ የተነሣው ሱዳናዊ ኪቦርዲስት ጃንትራም በያማሃ ኪቦርዱ የአገሩን ጭፈራ ተጫውቶ በ2023 አልበሙ ዓለም ሰማው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ የተነሣው ጦርነት የሰርግ ድንኳኑን ከካርቱም አነሣ። አንቺ ግን ታስተምሪናለሽ፤ ሁለት ነገር ብቻ የቀረው ሰው በመካከላቸው ያለውን ልክ ካወቀ፣ ያጣውን ሁሉ ድምፅ እንደገና ያወጣል። ስለዚህ ስምሽ ይክበር! ካርቱም ሁለት ሰላሟ ይመለስ፤ ሙሽራዋ ትዳር፤ ኪቦርዲስቷ ይጠራ፤ ድምፅሽም ከደስታዋ አይጉደል! አሜን።