መጋጠሚያው የማይታይ ሥራ

«ኦሮማይ» የተባለውን ልቦለድ ያነበበ ሰው ባለታሪኩን ጸጋዬ ኃይለማርያምን ያስታውሳል። ፊያሜታ ጊላይንም አይረሳም። የጸጋዬን ሙያ ግን ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ ይህን ሙያ ለጌጥ የሰጠው አይመስለኝም። የመጽሐፉ ክብደት በሙሉ ያረፈው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

ጉዳዩን ከደራሲው ወንበር ላይ ሆነን እንየው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ አስመራ ላይ በታወጀበት ወቅት። መጽሐፉ ባለሥልጣናት ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ መግባት አለበት። የደኅንነት ሰዎች ዘንድ፣ እነ ኮሎኔል በትሩ ተሰማ ጋ መድረስ አለበት። የአስመራን ምሽት ማየት፣ የከተማዋን ሰው ማዋራት አለበት። በመጨረሻም ናቅፋ ግንባር መውረድ አለበት። እነዚህን በሮች ሁሉ ማለፍ የሚችል አንድ ተራኪ ከየት ይምጣ?

መኮንን ቢሆን ግንባሩን ያያል፤ የከተማውን ጨዋታ ግን አይሰማም። ነጋዴ ቢሆን ከተማውን ያውቃል፤ አዳራሹ ግን አያስገባውም። ካድሬ ቢሆን አዳራሹ ይከፈትለታል፤ ሰው ግን ፊቱ አይናገርም። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የሁሉም ጉዳይ አለበት። ሹሙ መቀረጽ ይፈልጋል። ወታደሩ መታየት ይፈልጋል። ከተሜው ደግሞ ምን እየመጣ እንደሆነ ከእሱ መስማት ይፈልጋል። በዓሉ ለአንድ ሰው አንድ ሙያ ሰጥቶ በሮቹን ሁሉ ከፈተ።

ምርጫው ሌላም አገልግሎት አለው። ጋዜጠኛ መጠየቅ ሥራው ነው። ስለዚህ ሰዎች ስለ ዘመቻው፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ጦርነቱ ሲያብራሩ ደራሲው ለአንባቢ ሲል ያናገራቸው አይመስልም። ተጠይቀው ነው የመለሱት። በብዙ የፖለቲካ ልቦለዶች ማብራሪያው ከታሪኩ ተነጥሎ እንደ ንግግር ይቆማል። እዚህ ግን ማብራሪያው ራሱ የድርጊት አካል ነው። ባለሙያ አናጢ ምስማሩን እንደሚደብቀው፣ በዓሉም መጋጠሚያውን ደብቆታል።

ቀጥሎ ዐረፍተ ነገሩን እንመርምር። የዘመኑ የመንግሥት ዜና ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ የኢሠፓአኮ ሊቀመንበርና የአብዮታዊ ሠራዊት ዋና አዛዥ ጓድ መንግሥቱ ኃይለማርያም። 17 ቃላት ናቸው። እስካሁን ምንም አልተደረገም። ቦታው፣ ዕለቱ፣ እንግዳው ከዚህ በኋላ ይከተላሉ። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ዜና አንባቢው ትንፋሹን ሳይመጥን ከጀመረ መሀል ላይ ይቆረጥበታል። ሰሚውም ሰውዬው ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ማዕረጉን ሁሉ ተሸክሞ ካለፈ በኋላ ነው።

«ኦሮማይ» የተጻፈው በዚህ አነጋገር ግልባጭ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ባለቤቱ ይመጣል፤ ግሡ ወዲያው ይከተለዋል። ማዕረግ ሲነሳ ሰውየውን ለማሳየት ነው እንጂ ለማክበር አይደለም። ምልልሱ ፈጣን ነው። አንዱ ተናጋሪ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። ይህ ጠባይ ደራሲው ዜናን ከመናቁ የመጣ አይደለም። የዜናን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የትኛው ቃል ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛው ለሥነ ሥርዓት እንደቆመ ይለያል። በዓሉ የሥነ ሥርዓቱን አወጣ፤ የሥራውን አስቀረ።

መሣሪያዎቹን ያገኘው በረጅም ጊዜ ነው። ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወለደ። አዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌትና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጠና። ሲመለስ በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠራ። በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም የሰው ጽሑፍ ሲቆርጥና ሲያቃና የኖረ ሰው ነው። አዘጋጅ የሚባለው ሥራ ደግሞ በዋናነት መቁረጥ ነው።

ይህ ልማድ በራሱ ድርሰት ላይም ይታያል። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የህሊና ደወል» በ1966 ታተሙ። የሁለተኛው ባለታሪክ ሐዲስ ሳህሌ ወደ ሱጴ ሄዶ ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚደክም መምህር ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ታተመ ብሎ ይተወዋል። በዓሉ ተመለሰበት። ያንኑ መምህር፣ ያንኑ ቦታ ይዞ እንደገና ሠራው፤ አሰፋው። «ሐዲስ» በ1975 ወጣ። «ኦሮማይ» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በአንድ እጁ የቆየውን እያረመ፣ በሌላው ትናንት የሆነውን ይጽፍ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው የጋዜጣ አዘጋጅ ትዕግሥት፣ ሁለተኛው የዘጋቢ ጥድፊያ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ዓመት ለአንባቢ ማድረስ የተገራ እጅ ይፈልጋል።

ወደ «ኦሮማይ» ስንመለስ ሚዛኑን እንይ። ሮማን አዲስ አበባ ናት፤ የጸጋዬ እጮኛ። ፊያሜታ አስመራ ናት፤ እዚያ የሚያፈቅራት። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ከተሞች። ጸጋዬ ለዘመቻው ቅስቀሳ በሠራ ቁጥር አስመራ ውስጥ ይጠልቃል። አስመራ ውስጥ በጠለቀ ቁጥር ለመመለስ የገባው ቃል ይላላል። የፍቅሩ ክርና የጦርነቱ ክር ተራ በተራ አይመጡም፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላውም አብሮ ይጠብቃል። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ይቀራል። ጸጋዬም ፊያሜታን ያጣል። ደራሲው የአንዱን ውድቀት ለሌላው ምሳሌ ነው ብሎ አያስረዳም። ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ ይበቃል።

የቁጥር አጠቃቀሙም ልብ ይባል። የናቅፋው ውጊያ የሚካሄድበት ኮረብታ 1702 ይባላል። ወታደር ኮረብታን በካርታ ላይ በሰፈረው ከፍታ ይጠራል። በዓሉ ቁጥሩን በግጥማዊ ስም አልለወጠውም። አራት አሃዞች ናቸው፤ ስሜት የላቸውም። ሰዎች እየወደቁ ቁጥሩ ሲደጋገም ግን ቅዝቃዜው ራሱ ይከብዳል። ዘጋቢ ቁጥርን በትክክል እንዲጽፍ ይማራል። መቼ ብቻውን እንደሚተወው የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከዜና ወደ ድርሰት የሄዱ በሌላ አገርም አሉ። አሜሪካዊው ጂም ሌረር ለዓመታት የምሽት ዜና እያቀረበ 20 ያህል ልቦለዶች ጽፏል። ባልደረባው ሮበርት ማክኔልም ልቦለድ ደራሲ ሆኗል። ለእነሱ የዜናው ጠረጴዛና የድርሰቱ ጠረጴዛ ተለያይተው መቆም ይችሉ ነበር። በዓሉ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበረው። ቀን የሚመራው መሥሪያ ቤት የዘመቻው አንደበት ነበር፤ ልቦለዱ ደግሞ ያ አንደበት ሊናገረው የማይችለውን፣ የዘመቻውን መክሸፍ፣ ተናገረ። ያሳተመውም ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ የመንግሥት ድርጅት ነው።

የተከተለው ይታወቃል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥልጣኑ ተነሳ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች።  

ይህ ፍጻሜ መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ይጋርደዋል። «ኦሮማይ» ደራሲውን ያስገደለ መጽሐፍ ተብሎ ይነሳል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን እምብዛም አይወራም። ድፍረቱ ያለ ሙያው ቢሆን ኖሮ ከደርግ ጋር አብሮ ባረጀ ነበር። እንግሊዝኛው በዴቪድ ዲጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ቀይ ኮከብ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ዛሬ ይዞት የሚቀመጠው በታሪኩ አሠራር ነው።

ዳግም የምታነቡት ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ጸጋዬ በጋዜጠኝነቱ የገባበትን ቦታ እና በሰውነቱ የገባበትን ቦታ በእርሳስ ለዩ። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ምልክቱን ማድረግ ቀላል ነው፤ አዳራሹ የሥራ፣ ምሽቱ የራሱ ነው። ናቅፋ ስትደርሱ እርሳሱ ያመነታል። ለቀረጻ የወረደው ሰው በዓይኑ ያየውን ራሱ መሸከም ይጀምራል። በዓሉ ይህን የሽግግር መስመር በአንድ ገጽ ላይ አላሰመረውም፤ በመጽሐፉ ርዝመት በሙሉ አከፋፍሎታል።