ስእለቱ የማን ነው? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከሥልጠና አዳራሽ መልስ ማንበብ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ገንዘብ ከፍዬ አንድ የሥልጠና አዳራሽ ገባሁ። ርዕሱ «አመለካከትህን ቀይር፣ ሕይወትህን ቀይር» ዓይነት ነገር ነበር። ሙዚቃ ነበር፣ ጭብጨባ ነበር፣ ከጎንህ ያለውን ሰው ትከሻ ይዘህ «ትችላለህ!» በለው የሚባልበት ሰዓትም ነበር። ከእረፍት በኋላ ለሁላችንም ነጭ ወረቀት ታደለ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ናችሁ? እዩት። አሁን ጻፉት።»

እኔም ጻፍኩ። «ስፔሻሊስት ሐኪም። የራሴ ክሊኒክ።» ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ከአልጋዬ ትይዩ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሣ እንዳየውና ልቤ እንዲነሣሣ ነበር ሐሳቤ። ሁለት ሳምንት ያህል እውነትም ሠራ። ከዚያ ወረቀቱን ማየት እየከበደኝ መጣ። ፊቴን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሬ መተኛት ጀመርኩ።

የዚያን ሰሞን ነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና የጀመርኩት። መጀመሪያ የሰማሁት እንጂ ያነበብኩት አይደለም። እንደ ብዙዎቻችሁ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው ያደረሰኝ። በዚያ ድምፅ ስሰማው የፍቅር ታሪክ ነበር። በዓይኔ ሳነብበው ግን ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያኔ ማንም ስለ «ማይንድሴት» አያወራም። መጽሐፉ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ያ በልብህ ያለው ውጥን የማን ነው?

በዛብህ፦ በሌላ ሰው አፍ የተወጠነ ሕይወት

ነገሩን ከበዛብህ እንጀምር። ገና አፉን ሳይፈታ ዕድሜ ልኩ ተወስኖለታል። እናቱ ውድነሽ በሕመሙ ጭንቅ ጊዜ ለእግዚአብሔር ተስላበታለች፤ ልጇ ከተረፈላት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እያገለገለ ይኖራል። ልጁ ተረፈ። ስእለቱም አብሮት ተረፈ።

እዚህ ላይ ውድነሽን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን መውቀስ አቃተኝ። ልጇ ሊሞትባት ነው፤ በእጇ ያላት ሀብት ቃሏ ብቻ ነው። ያላትን ሰጠች። የሐዲስ ትልቅነት አንዱ ይኼ ነው። በዛብህን ያሠረው ገመድ ከክፋት አልተገመደም፣ ከፍቅር ነው። ከክፉ ሰው እጅ የወጣ ገመድ ቢሆን ኖሮ በዛብህ ገና በጉርምስናው በበጠሰው ነበር።

ደግሞ በዛብህ ሰነፍ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ ገብቶ በትምህርቱም በድምፁም የተደነቀ ሰው ነው። ዛሬ ቢሆን «ሞቲቬትድ» የምንለው ዓይነት ነው። ግን ያ ሁሉ ትጋት የሚፈሰው እናቱ በቀደደችለት ቦይ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ግቢያቸው ገብቶ ልቡ ወደ እሷ ሲሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ ነገር ፈለገ። መጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የራሱን ፍላጎት ሲያገኘው እንደ ኃጢአት ነው ያገኘው። ደስታው ውስጥ ስእለት አፍራሽነት አለ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ግድግዳዬን ቀና ብዬ አየሁት። እናቴ «ዶክተሬ» ብላ ነው የምትጠራኝ። ስም ከማወቄ በፊት ጀምሮ። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ፣ ዘመድ ሲመጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «የኔ ዶክተር» ነበርኩ። የጤና ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ ደርሼም ይህን ነገር ራሴ የመረጥኩት ይመስለኝ ነበር። ዓይንህን ጨፍነህ እየው ስባል ያየሁት እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታሳየኝ የኖረችውን ሥዕል ነበር።

የአዳራሹ ሥልጠና ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ዓይን ሲጨፈን የሚታየው ሁሉ የራስ ፍላጎት ነው ብሎ ይነሣል። የሐዲስ መጽሐፍ ደግሞ ቆይ ይላል። ዓይንህን ስትጨፍን መጀመሪያ የምታየው የተሳሉብህን ነው።

ጉዱ ካሳ፦ አይቶ የቀረ ሰው

«እሺ፣ መድኃኒቱ ታዲያ አተያይን መቀየር አይደል?» የሚል ይኖራል። ለዚህም መጽሐፉ ሰው አለው። ካሳ ዳምጤ። ሕዝቡ «ጉዱ ካሳ» የሚለው።

ጉዱ ካሳ ስሙ ከመጽሐፉ ወጥቶ የሰው መጠሪያ ሆኗል። ከወጉ ያፈነገጠ ነገር የተናገረን ሰው «ጉዱ ካሳ» እንለዋለን፣ ግማሹ ሙገሳ ግማሹ ስድብ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤተ ዘመድ ሆኖ ሳለ ዘር ቆጠራውን ይንቃል። ባላባት በጢሰኛ ላይ፣ ትልቅ በትንሽ ላይ የተደራረበበትን ሥርዓት አይቶ፣ ይህ ነገር በጊዜው ካልታደሰ በሁላችንም ላይ ይናዳል ይላል። መጽሐፉ በታተመ በስምንት ዓመቱ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ መጣ። ጉዱ ካሳን እንደ ነቢይ የምናየው ለዚህም ነው።

እኔም እንደ ብዙ አንባቢ የመጽሐፉ ጀግና እሱ ነው ስል ኖሬአለሁ። በተለይ ሃያ ዓመት አካባቢ ላይ ያለ ሰው ጉዱ ካሳን ያለማፍቀር አይችልም። ሁሉም ተኝቶ አንተ ብቻ የነቃህ ሲመስልህ የሚያጽናናህ እሱ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ጉዱ ካሳ አመለካከቱ ሙሉ በሙሉ የተቀየረ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ምን ሊቀየር ይችላል? እና ምን አገኘ? እብድ ተባለ። የሚያየው ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ትክክለኛነቱ ብቻውን ዲማ ውስጥ አንድ ድንጋይ ከቦታው አላነቃነቀም።

ሐቁን ለመናገር ካሳ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚፈላሰፍ አይደለም። ለሁለቱ ልጆች ይቆምላቸዋል፣ ይመክራቸዋል፣ ስለ እነሱ ይከፍላል። ግን ከእነሱ ውጭ ሰሚ የለውም፣ ሰሚ የሚያገኝበት መንገድም አልሠራም። ቋንቋው የሚነቅፈው እንጂ የሚያሰባስብ አይደለም። ንግግሩን ሰምቶ ቤቱ የገባ ሰው ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም።

ይኼ የእኛንም ስልክ ያስታውሰኛል። ቀኑን ሙሉ አመለካከት የሚቀይር ቪዲዮ እናያለን። አንዱ ካንዱ ይበልጣል። ማታ ላይ አተያያችን ሰባት ጊዜ ተቀይሮ እኛ ከሶፋው አልተነሣንም። ጉዱ ካሳ ቢያንስ ሰድበውታል። እኛ ላይክ እናገኛለን።

አበጀ በለውና ገበሬዎቹ

የመጽሐፉን የፍቅር ክፍል ብቻ የሚያስታውስ ሰው የሚዘለው ታሪክ አለ፤ የገበሬዎቹ አመፅ። ፊታውራሪ መሸሻ በጭሰኞቻቸው ላይ ከተለመደው በላይ ሸክም ሊጨምሩ ሲነሡ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ። ፊታውራሪ ዘመቱባቸው። ተሸነፉ፤ በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅም ወደቁ።

ይህን ክፍል ከጉዱ ካሳ አጠገብ አስቀምጡት። ገበሬዎቹ እንደ ካሳ ስለ ሥርዓቱ አጠቃላይ ትንታኔ አይሰጡም። ያዩት ነገር ጠባብ ነው፤ ይህን አንከፍልም። ግን አብረው ነው ያዩት። ያንን ጠባብ ነገር ይዘው ካሳ በዕድሜ ልኩ ንግግር ያላደረገውን አደረጉ፤ ፊታውራሪ መሸሻን አንገት አስደፉ።

«ራስህን አነሣሣ» የሚለው ምክር ላይ ትልቁ ቅሬታዬ ከዚህ ይመነጫል። ተነሣሽነትን አንድ ሰው ብቻውን በደረቱ ውስጥ የሚያነድደው እሳት አድርጎ ያቀርበዋል። ሲጠፋ ጥፋቱ ያንተ ነው። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት ሰልፍ፣ ሥራ አጥነት የሚባል ነገር የለም፤ ያንተ «ኔጌቲቭ» መሆን ብቻ አለ። እነዚያ ገበሬዎች አንድ በአንድ ቢነሡ ኖሮ አንድ በአንድ ይገረፉ ነበር። ደቦ ለአጨዳ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው።

ሰብለ ወንጌል፦ የተነሣችው

አሁን ወደ ሰብለ ወንጌል። በትምህርት ቤት ስንማራት «ቆንጆዋ፣ ታማኟ፣ አሳዛኟ» ነበረች። አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ባል እያጡ ጠያቂ ሲመልሱ ወጣትነቷ እያለፈ የተቀመጠች የባላባት ልጅ። በመጽሐፉ ረጅም ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ሌሎች ይወስናሉ። እሷ ትጠብቃለች።

በኋላ ግን በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ከሸሸ ወዲያ የሆነ ሌሊት ትነሣለች። በአሽከርና በገረድ መሐል ያደገችው ልጅ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ግቢ ትወጣለች፣ በእግሯ መንገድ ትጀምራለች። እስቲ ይህን ልብ በሉት። ከበዛብህ ያነሰ ነው የተማረች፤ ያስተማራትም እሱ ነው። ከካሳ ያነሰ ነው የተፈላሰፈች። ከሁሉም ይልቅ የሚጠፋባት ነገር ብዙ ነው። ግን ከሦስቱ ውስጥ አስቀድማ፣ በራሷ ውሳኔ፣ ወዳልታወቀ ነገር የሄደች እሷ ናት። በዛብህም ሄዷል፣ እሱ ግን ሸሽቶ ነው።

ምን አነሣሣት? ሐዲስ እዚህ ላይ ትልቅ ንግግር አይሰጧትም። የተነሣችው ፍርሃቷን ስላሸነፈች አይመስለኝም፤ እንደ ፈራች ነው የወጣችው። መቀመጡ ከመሄዱ የባሰበት ቀን መጣ፣ በቃ። አተያይዋ ደግሞ የተቀየረው ከመንገዱ በፊት ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። የሰው ደጅ ስትለምን፣ እግሯ ሲቆስል፣ እመቤት መሆኗን የማያውቅ ሰው ሲያዝንላት ዓለምን ከታች ወደ ላይ ታያለች። ይህን በአዳራሽ ውስጥ ዓይን ጨፍኖ ማየት አይቻልም።

ከሐዲስ ጋር የምጣላበትም ቦታ ይኼው ነው። ይህን የመሰለ ጉልበት ከሰጧት በኋላ መንገዷን ሁሉ ወደ አንድ ወንድ አደረጉት። ደርሳም የምታገኘው ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው። ከዚያ ምንኩስና፣ ከዚያ መቃብር። ሰብለ ወንጌል ብትተርፍ፣ ብቻዋንም ብትሆን፣ ያንን ያህል መንገድ በእግሯ የሄደች ሴት በማግሥቱ ምን ትወጥን ነበር? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ከእሷ ጋር ቀበረው። ርዕሱ አስገድዷቸው ይሆናል። እኔ ግን እንደ አንባቢ ያ ማግሥት ቀርቶብኛል።

የሥልጠናው ሰው ቢያነብበው «አየህ፣ ዓላማዋ አልተሳካም» ይል ነበር። አዎ፣ አልተሳካም። መነሣት ዋጋ የሚኖረው ከተሳካ ብቻ ከሆነ ይህን መጽሐፍ መዝጋት ነው። ግን ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላም የምናነበው እኮ መጨረሻውን እያወቅን ነው። የምንመለሰው በሯን ከፍታ የወጣችበትን ሌሊት ለማየት ይመስለኛል።

ወረቀቱ

መጽሐፉን የጨረስኩ ሰሞን እናቴን ጠየቅኋት። «እማ፣ ዶክተር እንድሆን የፈለግሽው ለምንድነው?» ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ላይ እያለች ነርስ መሆን ትፈልግ እንደነበር፣ እናቷ ሲታመሙ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት እንደገባች ነገረችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ዓይኗ ያለቀሰው ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኋትም።

ትምህርቴን አላቆምኩም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ «ከዚያ ሁሉን ትቼ ሕልሜን ተከተልኩ» ብሎ ሲጨርስ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን እንደዚያ አልሆነም። ሐኪምነትን የምፈልገው እኔ መሆኔንና አለመሆኔን ገና አላወቅሁም። የሠራሁት ትንሽ ነገር ነው፤ ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣሁት። ለእናቴ ሰጠኋት። አንብባው ሳቀች፣ አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችው።

ግድግዳው ላይ የማጣበቂያው ምልክት ቀርቷል። ጠዋት ስነሣ አሁን ፊቴን አላዞርም፤ ባዶውን አየዋለሁ። አንድ ቀን የራሴን እጽፍበት ይሆናል። እስከዚያ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንድ ጤና ጣቢያ በጎ ፈቃድ ሥራ ጀምረናል። ወደንም ይሁን ተስለንበት፣ እዚያ ስንደርስ ይታየን ይሆናል።