የደረጃ ሙግት በምዕራብ ጎጃም፦ የተናቀ ጥበብ፣ የጠበበ ሜዳ

ስለ እግር ኳስ ደጋፊ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ ስሜቱን ያወድሳል፣ ወይ ረብሻውን ያወግዛል። ጭፈራው፣ ማልያው፣ የድንጋይ ውርወራው ተደጋግሞ ተተንትኗል። ደጋፊው ከዘጠና ደቂቃው ይበልጥ ረጅም ጊዜ የሚያጠፋበት ሥራ፣ የቡድኖችን ደረጃ አንሥቶ መሟገቱ፣ ግን የሚመረምረው አላገኘም። በፍኖተ ሰላም ዲኤስቲቪ ቤቶች፣ በቡሬ መናኸሪያ ዙሪያ ባሉ ቡና ቤቶች፣ በጅጋና በደምበጫ ጀበና ቡና የሚጠጣባቸው ዱካዎች ላይ ቅዳሜና እሑድ የሚሰማው ሙግት «የሥራ ፈት ወሬ» ተብሎ ይታለፋል። የስፖርት ሬዲዮው በበኩሉ «የደጋፊ ፍቅር» እያለ ያሞካሸዋል። ሁለቱም ስተዋል። ሙግቱ በመሠረቱ ማስረጃን የመመዘን ልማድ ነው፤ ሊነቀፍ የሚገባውም ስለ ኳስ በመሆኑ ሳይሆን፣ የመመዘን ችሎታውን በጣም በሚፈለግበት ቦታ ላይ ስለማያውለው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሠንጠረዥ እያለ ሙግት ለምን አስፈለገ የሚል ነው። ለአሸናፊ ሦስት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ፤ ተደምሮ የሚመጣው ቁጥር ቅደም ተከተሉን ከወሰነ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ትርፍ ነው ይባላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚደረገው፣ የራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ፣ ክርክር የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቡድኖቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተከፋፍለው ስለሚጫወቱና አብዛኞቹ ፊት ለፊት ስለማይገናኙ፣ አገር አቀፍ ደረጃቸውን የሚያወጣው የሰው ድምፅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ምርጫ፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፎ፣ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ ወስዶ፣ ለሻምፒዮናው ከተመረጡት አራት ቡድኖች ውጭ ሲደረግ፣ ደጋፊው የተጣላው ከመራጮቹ ጋር ነበር። እኛ ዘንድ መራጭ የለም። ሆኖም ሠንጠረዥ ድምሩን እንጂ የተደመረውን ነገር አይናገርም። አንዱ ነጥብ ከወራጅ ቡድን፣ ሌላው ከዋንጫ ተፎካካሪ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሙሉ ቡድን፣ ሌላው አጥቂው ተጎድቶ ሳለ። የጎጃሙ ደጋፊ የሚሟገተው ቁጥሩን ለመካድ አይደለም። ቁጥሩ የደበቀውን ለማስቆጠር ነው።

ይህ ችሎታ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በተስተካካይ ጨዋታ ሒሳብ ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ረገጥ ማድረግ ተገቢ ነው። አንዱ ቡድን 20 ጊዜ ተጫውቶ 40 ነጥብ፣ ተከታዩ 19 ጊዜ ተጫውቶ 38 ነጥብ ይዟል እንበል። ጀማሪው ተሟጋች ወዲያው ሦስት ነጥብ ይጨምርና «41 ገባን፣ አንደኛ እኛ ነን» ይላል። ተቃራኒው ያልተጫወቱት ጨዋታ ነጥብ የለውም ብሎ ዜሮ ያደርገዋል። ሁለቱም ሰነፍ ሙግት ነው። በሳሉ ተሟጋች ወደ ድምሩ ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ይጀምራል፦ ተስተካካዩ ከማን ጋር ነው? ሜዳው የማን ነው? ጨዋታው የተላለፈው ለምንድን ነው? አሁን የሚገባው በየትኞቹ ሁለት ጨዋታዎች መካከል ነው? በቀይ ካርድ የሚቀጣ ተጫዋች አለ? ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፤ «በል ሁለት ነጥብ ልስጥህ» ይላል። ይህ ለድርድር ያህል የተወረወረ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን 38 ለ19 ሲካፈል በጨዋታ ሁለት ይደርሳል፤ 40ም ለ20 ሲካፈል እንዲሁ ሁለት ነው። ሁለት ነጥብ የሰጠው ሰው ቡድኖቹ እኩል መሆናቸውን አሳየ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሒሳቡ መልሱን ይነፍግና የቀረውን መመዘን ለቀሪ ጨዋታዎች ክብደት ይተወዋል። ሊፈጸም ለሚችል፣ ገና ላልተፈጸመ ነገር ከዜሮና ከሦስት መካከል ዋጋ መስጠት፣ ማንም በስሙ ጠርቶ ሳያስተምራቸው የደረሱበት የግምት ሒሳብ ነው። ብዙ የጋዜጣ ትንታኔ እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም።

ሁለተኛው የችሎታው መለኪያ በአንድ ሚዛን መጽናት ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ጨርሶ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2012 ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ 89፣ 89 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ሲቲን ያስቀደመው የስምንት ጎል ብልጫ ነበር። በአንዱ ፍርድ የተደሰተ ደጋፊ ሌላውን «ዕድል ነው» ለማለት መብት የለውም፤ ጥሩ ተሟጋች ባላጋራውን የሚያስረውም በዚሁ ነው። ከዚህ የከበደው ፈተና የፋሲል ከነማ የ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ነው። ያኔ ሊጉ በ13 ክለቦች፣ በ24 ጨዋታ ተካሄደ፤ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። መቐለ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ፋሲልን በአንድ ነጥብ ቀድሞ ዋንጫውን የወሰደው ክለብ ነው፤ የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ያለ አሸናፊ ተሰርዟል። ስለዚህ «ዋንጫው ጎዶሎ ነው» የሚል ክስ ይነሣል። የተከላካዩ መልስ ዝም ብሎ ማልያ ማውለብለብ አይደለም። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ በየተራው በአንድ ቦታ ስለተካሄዱ ፋሲል የጎንደርን ሜዳና ደጋፊ አጥቶ ማሸነፉን ያስታውሳል። ቀጥሎ ጥያቄውን ይገለብጠዋል፦ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያው አጭር ዓመት 29 ጎል አግብቶ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ30 ጨዋታው ሊግ ያስመዘገበውን 25 ሰብሯል። የዓመቱ ማጠር ዋንጫውን ካሳነሰ ክብረ ወሰኑን አተልቋል፤ የተጋጣሚ ማነስ ዋንጫውን ካቀለለ ግን ጎሎቹንም ያቀልላል። ከሳሹ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይችልም። ይህ በየትኛውም የሙያ መድረክ የሚያኮራ አመክንዮ ነው።

የሙግቱ ክፉ በሽታም መደበቅ የለበትም። «ዳኛው ተገዝቷል፣ ፌዴሬሽኑ ሸጦናል» የሚለው ማምለጫ ከሁሉ የከፋው ነው። የዳኛ ስሕተት ይኖራል፤ ስሕተቱ በየትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ስንት ነጥብ እንዳሳጣ የሚቆጥር ሰው አሁንም ሙግት ውስጥ ነው። ሳይቆጥር በጥቅሉ የሚከስ ግን ማስረጃ ያለቀበት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ሙግቱን «የሥራ ፈት ወሬ» ያሰኘውም እሱ እንጂ ሒሳበኛው አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ውርርድን ይጠቅሳል። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው ከተከፈቱ ወዲህ የደረጃ ክርክር የቁማር መግቢያ ሆኗል ይባላል፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ሙግትና ውርርድ በዚህ አገር አብረው የኖሩት ዲኤስቲቪ ሳይመጣ በፊት ነው። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ችሎት ተሟጋቹ በአንድ ነጥብ ላይ ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር። ያ ውርርድ ግን የተወራረደበትን ቃል በምስክር የማስረዳት ግዴታ ያስከትል ነበር፤ ያላስረዳ ይቀጣል። የዛሬው የውርርድ ወረቀት ምንም እንዲያስረዳ አይጠይቅም፤ ውጤቱን ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። በዚህ ምክንያት ቁማሩ የሙግቱ ልጅ ሳይሆን ገዳዩ ነው። አምስት ጨዋታ በአንድ ወረቀት ያስያዘ ወጣት ተስተካካዩ ከማን ጋር እንደሆነ መከራከር ይሰለቸዋል፤ የሚፈልገው አንድ ጎል ነው። የደረጃን ሙግት ከቁማር ጋር ደርበው የሚኮንኑ ሰዎች ለቁማሩ ብቸኛ የሆነውን ተቀናቃኝ እያጠፉለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የባሕል ነው፦ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ልጅ ስለ አርሰናልና ስለ ሊቨርፑል ደረጃ መሟገቱ የሰው አገር ጉዳይ መሸከም ነው ይላል። የዚህን ተቃውሞ ግማሽ መቀበል ይቻላል። ሙግቱ የእንግሊዝን ሠንጠረዥ የተዋሰው ቅርብ ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ በየሳምንቱ በሰዓቱ ይታያል፣ ውጤቱ ይነገራል፣ ሠንጠረዡ ይታወቃል። የሙግቱ አካሄድ ግን የአገሬው ነው፤ ክሱ፣ መልሱ፣ ባላጋራን በራሱ ቃል መያዙ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ፈራጅ መሆኑ። ከገጠር ቀበሌ ስንቅ ይዞ መጥቶ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ሠንጠረዡን በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም፣ ስልክ ከፍቶ ደረጃ ማየት ያልቻለ ተሟጋች ነጥቡን፣ የጎል ልዩነቱንና ቀሪ ጨዋታውን ከራሱ ማውጣት ነበረበት። በቃል የተያዘ ሠንጠረዥ ደግሞ ለሙግት ከስልኩ ይሻላል፤ ያዡ እያንዳንዱ ነጥብ ከየት እንደመጣ አብሮ ያስታውሳልና።

ይህን ያህል ካመሰገንን በኋላ ፍርዱ መክረር አለበት። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ሊግ በምድብ ተከፍሎ ነው የሚካሄደው። የተለያየ ምድብ ክለቦች በመደበኛው ውድድር አይገናኙም፤ ምድቦቹ በጉዞ ርቀት፣ በሜዳ፣ በክለቦች አቅም ይለያያሉ። በአንዱ ምድብ ሁለተኛ የሆነ ክለብ ከሌላው ምድብ አንደኛ ይበልጥ እንደሆነ ሠንጠረዡ ብቻውን ሊነግረን አይችልም። የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች ደጋፊዎች ሌሊት የሚያስቀምጠው የኮንፈረንስ ጥያቄ እኛም ጓዳ አለ። ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው፣ በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳርም የተከተለው በዚህ መሰላል ወጥተው ነው፤ ባሕር ዳር በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት እስከማሰናበት ደርሷል። የተስተካካይ ጨዋታን ዋጋ እስከ ግማሽ ነጥብ ድረስ የሚተምነው የፍኖተ ሰላም ተሟጋች ግን የአርሰናልን ቀሪ አምስት ተጋጣሚዎች በቅደም ተከተል ሲጠራ፣ የክልሉ ክለቦች በየምድባቸው ስንተኛ እንደሆኑ ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል። ይህ የመረጃ እጥረት ብቻ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ያለ ኢንተርኔት የእንግሊዝን ሠንጠረዥ በቃሉ የያዘ ሰው የጎረቤቱን ያልያዘው ስላልፈለገ ነው። በእርግጥ ከፍተኛ ሊጉ እንደ እንግሊዙ በቴሌቪዥን አይታይም፣ ውጤቱም ተሟልቶ በየሳምንቱ አይነገርም፤ የዞንና የክልል ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ማሟላት አለባቸው። ነገር ግን የእንግሊዙን ውጤት ሳይጠራ የማያድረው የአገራችን ስፖርት ሬዲዮ ከፍተኛ ሊጉን በጥቂት ቃላት የሚያልፈው ጠያቂ ስላላየ ነው።

ጥበቡ አለ፤ ሚዛኑም ብርቱ ነው። የቀረው ከሩቁ ሠንጠረዥ ላይ አንሥቶ ሙግት በእውነት የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ ሊግ የምዕራብ ጎጃም ተሟጋች ዝም ቢል ምንም አይጎድልበትም፤ የእኛ ምድቦች ግን የሚመዝናቸው ሰው ካላገኙ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይታወቅ የውድድር ዘመናቸውን ይጨርሳሉ።