የጤና ተማሪዎች የውጭ አገር የተግባር ልምምድ፤ የሰሜን ሸዋን ሁኔታ መነሻ ያደረገ ሒስ

ሕክምናም ሆነ ነርስነት የሚማር ተማሪ በክፍል ውስጥ የቀሰመውን በሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ ካልተለማመደው ዕውቀቱ ጎደሎ እንደሚሆን መምህራን ሁሉ ይስማማሉ። የሚያከራክረው ልምምዱ ድንበር ሲሻገር ነው። የአንድ አገር ተማሪ በሌላ አገር ሆስፒታል ለጥቂት ሳምንታት ሲሠለጥን የሚያስተምረው ማን ነው? ድካሙን የሚሸከመው ወገንስ ምን ያተርፋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አካባቢ አንጻር መመርመር ነው።

አንኮበር የውጭ አገር ሐኪም ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1842 እና በ1843፣ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ ሸዋ መጥቶ ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ተቀምጦ ነበር። ንዳድ እየተመላለሰበት ያየውን መዘገበ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ ታተመ። ሥራው ለታሪክ ተመራማሪ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈው ለአገሩ አንባቢ እንጂ ላስተናገደው ሕዝብ አልነበረም። ይህ በአንድ መንገደኛ ላይ የሚያስወቅስ አይደለም። የዛሬው የተማሪዎች ልምምድ ያንኑ መልክ ከያዘ ግን ሊወቀስ ይገባዋል።

የተሻለውን አብነት በጎንደር እናገኛለን። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠልጣኞች በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች ይለማመዱ ነበር። የዚህ አሠራር ዋና ብልጫ ትምህርቱ ከአገሩ ችግር መነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ አጋርነት የሕክምና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ከመንግሥታት ተራ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1996 ከእንግሊዝ ከተማ ከሌስተር ጋር ሌላ ግንኙነት ተጀመረ። ከዚህ የምንረዳው አጋር የሚለዋወጥ መሆኑን ነው፤ ስለሆነም የልምምዱ ዓላማ በአስተናጋጁ ተቋም እጅ መጻፍ አለበት።

ሌላው ሊጠና የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ነው። ጥሪው ከአዲስ አበባ ቀረበ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ለአንድ ወር ያህል በየተራ እየመጡ አስተማሩ። ኢትዮጵያውያኑ ሐኪሞች አገራቸውን ሳይለቁ የገዛ ወገናቸውን በገዛ ቋንቋቸው እያከሙ ተማሩ፤ ከተመረቁትም መካከል መምህር የሆኑ አሉ። እዚህ ላይ ድንበር የተሻገረው ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የጤና ሳይንስ ግቢው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። እሳቸውም በኤድንብራ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው በመመለስ በቀዶ ሕክምና ያገለገሉ፣ የሕክምና ፋኩልቲ ዲንም የነበሩ ናቸው። አካባቢው ለሠልጣኝ የተመቸ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብርዳም ደጋ ተነሥቶ የአንኮበርን ገደል የወረደ፣ ወይም ወባ ወዳለበት ወደ ሸዋ ሮቢት የዘለቀ ተማሪ፣ በአንድ ቀን መንገድ የደጋውንም የቆላውንም በሽታ ያያል።

ሆኖም ሦስት ጉድለቶች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ቋንቋ ነው። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ተማሪ አስተርጓሚ ያሻዋል፤ አስተርጓሚውም አብዛኛውን ጊዜ ከሕመምተኛው አጠገብ የተነሣችው ነርስ ናት። ወደ ቆላው ሲወርድ ደግሞ አፋርኛ የሚናገር ሕመምተኛ ይገጥመዋል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ በአገሩ እንዲሠራ ያልተፈቀደለትን ተማሪ እዚህ ሊሠራው አይገባም። ሦስተኛው የልውውጡ መዛባት ነው። የእኛ ተማሪ ቪዛና የጉዞ ገንዘብ አግኝቶ ቢሄድ እንኳ፣ በብዙ አገሮች ሕሙማንን ሳይነካ ቆሞ ከመመልከት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና የሥነ ምግባር መመሪያም ጥቅሙ የጋራ እንዲሆን፣ የአስተናጋጁም ወጪ እንዲታሰብ ያሳስባል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ልዩ ልዩ መንግሥታት ዜጎቻቸው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ አሳሰቡ። ደብረ ብርሃን ግን ተፈናቃዮችን ተቀበለች፤ ሕመምተኞችም ሐኪም ይሹ ነበር። በእንግዳ መኖር ላይ ብቻ የቆመ የልምምድ ዕቅድ እንዲህ ባለ ቀን ይፈርሳል፤ የአገሩን መምህር ያጠናከረ ዕቅድ ግን ይሰነብታል።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ስምምነት ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገሮችን ቢያስጽፉ ይበጃል፤ የልምምዱን ዓላማ አስተናጋጁ ተቋም እንዲወስን፣ ተቆጣጣሪው መምህር ለዚሁ ሥራ ጊዜና አበል እንዲመደብለት፣ እንግዳው ተማሪ ሥራ ሳይጀምር መሠረታዊ አማርኛ እንዲማር፣ ስለ ሥራውም በአማርኛ የተዘጋጀ ዘገባ በጤና ጣቢያው እንዲቀር። ተማሪ መላክ ባይቻል መምህር በልዋጩ ይጠየቅ። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአበው ብሂል እንግዳን ለመግፋት የተነገረ አይደለም፤ ሥራውን የአገሩ ሰው ይምራው ማለት ነው እንጂ።