የሳቡትን አለመልቀቅ

ከመተማ የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ገላባትን ሲያልፉ፣ እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በዚያ አገር የሻይ ቤቱ መቀመጫ፣ የእንግዳው መኝታ፣ አስከሬን ወደ መቃብር የሚወጣበትም አንድ ዕቃ ነው፤ አንገረብ። ከወሰኑ ወዲህ የጠፍር አልጋ የምንለው የእሱ ዘመድ ነው።

አንዱን ገልብጠው ይዩት። አራት እግር፣ ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር እንጨት። የዱሮው ምስማር አያውቅም። የጎኑ እንጨት ጫፍ ይቀጥንና እግሩ ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባል። ሳይጠፈር ቢነቀንቁት ይወዛወዛል። ገመዱ በቁመትና በወርድ ሲወጠር ግን አራቱንም እንጨት ወደ መሃል ይስባል፤ ጫፎቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ጠልቀው ይነክሳሉ። መኝታ የሚሆነው ገመድ አልጋውንም የሚያቆመው እሱ ነው።

ገመዱ ከዘንባባ ቅጠል ይገመዳል፤ ዛሬ ናይሎኑ በዝቷል። መጀመሪያ የቁመቱ ይዘረጋል፤ የወርዱ በላይና በታች እየተሹለከለከ ያቋርጠዋል። መሳብ ቀላል ነው። ጣጣው ከሳቡ በኋላ ነው፦ ቀጣዩን ዙር ለመሳብ እጅ ሲነሣ የቀደመው ይላላል። ስለዚህ ጠፋሪው እግሩን ከእንጨቱ ላይ ያስደግፋል፤ በአንድ እጁ ይስባል፤ በሌላው አውራ ጣት ያለፈውን ከእንጨቱ ጋር ጨቁኖ ይይዛል።

የቴኒስ ራኬት ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚወጥር ሰውም ጣጣው ይኸው ነው። በብዙው ራኬት የቁመቱ ክር 16፣ የወርዱ 19 ነው። እያንዳንዱ ከ22 እስከ 27 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ይሳባል። የተሳበውን የሚይዘው መቆንጠጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከማሽኑ ወለል ጋር የታሰረ ነው። ሁለተኛው ተንሳፋፊ ነው፤ አዲሱን ክር ከጎረቤቱ ጋር አጣምሮ ስለሚነክስ፣ ጎረቤቱ በተጎተተ መጠን ጥቂት ውጥረት ይጠፋል። ርካሹ እሱ ነው። የሚመርጥ ሰው የሚያየው የመንጋጋውን አያያዝ ነው፦ ክሩ እንዳያመልጥ፣ ግን እንዳይቆረጥም።

የጠፍር አልጋው ጠፍር ግን መቆንጠጫ አይፈልግም። ጥሬ የበሬ ቆዳ ይነከራል፣ ጸጉሩ ይፋቃል። ከዚያ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይቆረጣል። አንድ ካሬ ሜትር ቆዳ በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢቆረጥ 100 ሜትር ጠፍር ይሰጣል፤ ያለ አንድ ቋጠሮ። ስፋቱ እኩል መሆን አለበት። የቀጠነው ቦታ ኋላ የሚበጠሰው ነው።

ጠፍሩ የሚሳበው እርጥቡን ነው፤ በእጅ ኃይል ብቻ፣ ሁሉም ዙር እኩል። አጥብቀው ቢስቡት ሲደርቅ እንጨቱን ያጎብጣል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ቆዳው ውሃውን ሲለቅ ያጥራል፤ ሁሉም ዙር ባንድነት ይወጠራል። ጠፍሮ ማሰር የሚባለው አነጋገር ከዚህ ጥብቀት የመጣ ይመስለኛል። ገመዱ ላይ አውራ ጣት፣ ራኬቱ ላይ መቆንጠጫ የሚሠራውን እዚህ ድርቀቱ ይሠራዋል። ፀሐይ ግን የእጅን ስሕተት አታርምም፦ ላልቶ የገባው ዙር ከጎረቤቶቹ ይልቅ እንደላላ ይደርቃል።

ብልሃቱ የትናንት አይደለም። ሰሜን ሱዳን ከርማ ላይ ከ3,500 ዓመት በፊት የተቀበሩ ሰዎች በአልጋቸው ላይ እንደተኙ ተገኝተዋል።

ጠፍሩ ሲደርቅ ጠፋሪው አልጋውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ድምፁ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ከሆነ ሥራው አልቋል።