የ«ዌቨርሊ» ደራሲና ጠያቂ አንባቢዎቹ

በሐምሌ 1814 «ዌቨርሊ» የተባለ ባለ ሦስት ቅጽ ልቦለድ ኤዲንብራ ውስጥ ለንባብ በቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በ1745 የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ዙፋኑን ላጣው የስቱዋርት ቤት ወግነው የተነሡበትን ዐመፅ ይተርካል። የደራሲው ስም ግን የትም አልተጻፈበትም። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ በአምስት ሳምንት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። ከዚያ ጀምሮ አንባቢው ሁለት ነገር አጥብቆ መጠየቅ ያዘ፦ ይህን የጻፈው ማን ነው? የተጻፈውስ በእርግጥ ሆኗል?

ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በይፋ ሳይመልስ ቆየ። ለሁለተኛው የተሟላ መልስ የሰጠው ደግሞ በዕድሜው ማብቂያ ላይ ነው። ሃንጋሪያዊው ሐያሲ ጌኦርግ ሉካች በ1930ዎቹ በጻፈው ዝነኛ ጥናት ስኮትን የታሪካዊ ልቦለድ መነሻ አድርጎ ሲያቀርብ ትኩረቱ በማኅበራዊ ኃይሎች ግጭት ላይ ነበር። የልቦለዶቹ ሌላው መሠረት ግን አንባቢው ነው። የስኮት አንባቢ ተቀባይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ታሪክ አቀባይ ሆኗል፣ መርማሪ ሆኗል፣ አንዳንዴም ከሳሽ ሆኖ ቆሟል። ስኮት ከእነዚህ አንባቢዎች ጋር የነበረውን ግንኙነት ሳያዩ ልቦለዶቹ እንዴት እንደተሠሩ መረዳት ያስቸግራል።

ምስጢሩን ለመጠበቅ የተደረገው ጥንቃቄ ቀላል አልነበረም። የጄምስ ባለንታይን ማተሚያ ቤት ሠራተኞች የእጅ ጽሑፉን እንዳይለዩት ረቂቁ በሌላ ሰው እጅ ይገለበጥ ነበር። የእርማት ወረቀቱም በሁለት በሁለት ይታተማል፤ ስኮት በአንደኛው ላይ ያረመውን ባለንታይን ራሱ ወደ ሁለተኛው ያሰፍረዋል። በ1816 መጨረሻ «የአከራዬ ተረቶች» በሚል ርዕስ አዲስ ተከታታይ ሥራ ሲጀምር ደግሞ «የዌቨርሊ ደራሲ» የሚለውን መጠሪያ እንኳ ትቶ ጄደዳያ ክላይሽቦተም በተባለ የፈጠራ መምህር ስም አሳተመ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጠርጣሪው ብዙ ነበር። ልቦለድ ጸሐፊዋ ጄን ኦስተን «ዌቨርሊ» በወጣ በሦስተኛው ወር ለወንድሟ ልጅ በጻፈችው ደብዳቤ፣ በግጥም ዝናና ገንዘብ ያገኘው ስኮት የልቦለድ ጸሐፊዎችን እንጀራ መሻማት አልነበረበትም ብላለች። ጥርጣሬዋን ከእርግጠኛ ዕውቀት አትለየውም።

ከጠርጣሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ጆን ሌስተር አዶልፈስ ነው። በ1821 ለመጽሐፍ ሰብሳቢው ሪቻርድ ሂበር የተጻፉ ደብዳቤዎች አስመስሎ ባሳተመው መጽሐፍ የስኮትን ግጥሞችና ስም የለሾቹን ልቦለዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ሁለቱም ጸሐፊዎች ሕግ ያውቃሉ፤ ውሻ ይወዳሉ፤ የወታደር ነገር ይማርካቸዋል፤ የስኮትላንድን ጥንታዊ ወግ ከሥሩ ያውቁታል። ከማስረጃዎቹ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዝምታን የተመለከተው ነው። የ«ዌቨርሊ» ደራሲ የዘመኑን ባለቅኔዎች እየጠቀሰ የዘመኑን ዋና ባለቅኔ ስኮትን ያልፈዋል፤ ለምን? መልሱ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዶልፈስ የተጠቀመው ከታተሙት ገጾች ውጭ በምንም አልነበረም፤ ሐሜት አላሳደደም፣ የማተሚያ ቤት ሰው አላባበለም። በቅርብ ንባብ ብቻ የደራሲን ማንነት ያረጋገጠ ሥራ ስለሆነ በሂስ ታሪክ ውስጥ ካገኘው የበለጠ ስፍራ ይገባዋል። ስኮትም አልተቀየመም። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው «የናይጀል ዕጣ» መቅድም ውስጥ ስለ መጽሐፉ በአክብሮት አነሣ፤ ወጣቱን መርማሪም ወደ አቦትስፎርድ ቤቱ ጋበዘው። አዶልፈስ ከዚያ ጉብኝት የያዛቸው ማስታወሻዎች በኋላ የስኮት አማችና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ለሆነው ለሎክሃርት ጠቅመውታል።

አንዳንዱ አንባቢ ደራሲውን ሲፈልግ ሌላው ታሪክ ይዞለት ይመጣ ነበር። ጆሴፍ ትሬን በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ በጋሎዌይ፣ የመንግሥት ቀረጥ ሠራተኛ ነበር። ስለ አካባቢው አፈ ታሪክ የራሱን መጽሐፍ ሊያዘጋጅ አስቦ ብዙ ሰብስቦ ነበር፤ ከስኮት ጋር ከተዋወቀ በኋላ ግን ሐሳቡን ትቶ የሰበሰበውን ሁሉ ለእሱ ይልክለት ጀመር። በ1816 ኤዲንብራ ድረስ መጥቶ ስኮትን በሥራ ክፍሉ ሲያነጋግረው በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የክላቨርሃውስ ሥዕል ዐይኑን ያዘው። ክላቨርሃውስ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ኪዳናውያን የሚባሉትን የፕሬስቢቴሪያን አማኞች ያሳደደ የጦር አዛዥ ነው። ትሬን ስለዚህ ሰው ልቦለድ ቢጻፍ ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ። ተራኪው ደግሞ ሮበርት ፓተርሰን ቢሆንስ? ፓተርሰን የኪዳናውያን ሰማዕታት መቃብር ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳይጠፋ በየመቃብር ቦታው እየዞረ ድንጋይ ሲፈለፍል ዕድሜውን የጨረሰ፣ ሕዝቡ «ኦልድ ሞርታሊቲ» የሚለው ሽማግሌ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚሁ ቅጽል ስም የተጠራው ልቦለድ ታተመ። የልቦለዱን በር የከፈተው የአንባቢ ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወይዘሮ ጎልዲ ደብዳቤ ግን ከዚህም ይልቃል። በደምፍሪስ አካባቢ የሚኖሩት እኚህ ሴት ስማቸውን ሳይገልጹ ለስኮት የጻፉት ስለ ሄለን ዎከር ነበር። በአንድ ወቅት ከሊንክሉደን ገዳም ፍርስራሽ አጠገብ ጎጆ ተከራይተው ሳለ ጫጩት የምታረባና የካልሲ እግር የምትሠራ አሮጊት ያገኛሉ። ታሪኳን የሰሙት በኋላ ነው። እኅቷ በሕፃን ግድያ ተከሳ ስትቀርብ ሄለን ምስክር ሆና ተጠራች። የዚያ ዘመን ሕግ ከባድ ነበር፤ ተከሳሿ እርግዝናዋን ለአንድ ሰው እንኳ እንደነገረች ከተረጋገጠ ግን ከሞት ታመልጣለች። ሄለን «ለኔ ነግራኛለች» ብትል በቂ ነበር። ሐሰት አልመሰክርም አለች፤ እኅቷ ተፈረደባት። በዚያው ሌሊት የምሕረት አቤቱታ አጽፋ በእግሯ ወደ ለንደን ተነሣች፤ በአርጋይል መስፍን ፊት ቀርባም ምሕረቱን አገኘች።

ወይዘሮ ጎልዲ ይህን ከአሮጊቷ አንደበት ሊሰሙ ፈልገው ነበር። በማግስቱ ከአካባቢው የሚለቁ ስለነበሩ ነገሩን ለጸደይ አቆዩት። በጸደይ ሲመለሱ ሄለን ሞታለች። ጎረቤቷን ቢጠይቁ ሄለን ስለዚያ መንገድ ሲነሣባት ወሬ እንደምታስለውጥ ብቻ ነገረቻቸው። ለስኮት የጻፉት እንግዲህ በገዛ ጉጉታቸው መዘግየት የቆጨው ልብ ይዘው ነው፤ መታሰቢያ እንዲኖራትም ምኞታቸውን ገለጹ። ከዚህ ደብዳቤ በ1818 «የሚድሎቲያን ልብ» ተወለደ፤ ሄለንም ጂኒ ዲንስ ሆነች።

ስኮት የተሰጠውን ታሪክ እንዳለ አልገለበጠም። ልቦለዱ የሚከፈተው በ1736 ኤዲንብራን ባናወጠው የካፒቴን ፖርቲየስ ሁከት ነው፤ የአንዲት ገበሬ ልጅ ጭንቀት ከአንድ ከተማ ቁጣ ጋር ይገናኛል። እውነተኛዋ ሄለን መስፍኑ ዘንድ ስትደርስ ጂኒ በመስፍኑ በኩል አልፋ ንግሥት ካሮላይን ፊት ትቆማለች። ይህ ጭማሪ ለጌጥ የገባ አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ሁከት ምክንያት ኤዲንብራን የተቀየመች ናት፤ ስለዚህ ጂኒ የምትለምነው ከእኅቷ አልፎ ለተቀየመ መንግሥትና ለተቀየመ ሕዝብ ዕርቅ ይሆናል። የአንባቢዋ ስጦታ የአንድ ሴት ሐቀኝነት ነበር፤ ደራሲው የጨመረው ሐቀኝነቱ የቆመበትን አገር ነው።

እርግጥ ነው፣ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስጦታ አልነበረም። በዚያ ዘመን የፖስታ ሒሳብ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ሎክሃርት እንደሚተርከው አንዲት የኒው ዮርክ ወጣት ስለ ቼሮኪ ፍቅረኞች የጻፈችውን ተውኔት ላከችለት፤ እንዲያርመው፣ መቅድም እንዲጽፍለት፣ ለንደን መድረክ ላይ እንዲያስወጣውና አሳታሚ እንዲፈልግለት ትጠይቃለች። ለእሽጉ ከአምስት ፓውንድ በላይ ከፈለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሌላ እሽግ በተመሳሳይ ዋጋ ደረሰው፤ በውቅያኖሱ ማዕበል ምክንያት የመጀመሪያው ጠፍቶ እንዳይሆን ብላ የላከችው ሁለተኛ ቅጂ ነበር።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን የታሪኩ ወራሾች ነን ከሚሉ አንባቢዎች ነው። «ኦልድ ሞርታሊቲ» እንደወጣ የጆን ኖክስ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ቶማስ መክሪ በ1817 መጀመሪያ በኤዲንብራ በሚታተም የሃይማኖት መጽሔት በተከታታይ ረጅም ሂስ ጻፉ። ክሳቸው ደራሲው ኪዳናውያንን ጽንፈኛና መሳቂያ አድርጎ አሳዳጃቸውን ክላቨርሃውስን አሳምሯል የሚል ነው። ለመክሪ ይህ የሥነ ጽሑፍ ጣዕም ክርክር አልነበረም፤ በየመንደሩ መቃብራቸው የሚታወቅ አባቶች ክብር ነበር። ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የታንጉት ምስጢር»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ዐፄ ቴዎድሮስን ወደ ልቦለድ ሲያመጡ የገቡበት ስፍራ ይኸው ነው፤ ንጉሡ በአንዱ ቤት የአንድነት አባት፣ በሌላው ቤት አያት የቀጡ ገዥ ሆነው ይታሰባሉ፤ ሁለቱም ቤት መጽሐፉን ያነብባል።

ስኮት መክሪን የመለሰበት መንገድ የሚያስከብረው አይደለም። «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው የለንደን መጽሔት ስሙን ሳይገልጽ፣ በወዳጁ በዊሊያም ኧርስኪን እገዛ፣ የገዛ መጽሐፎቹን ገመገመ፤ የታሪክ ማስረጃ እየደረደረም ራሱን ተከላከለ። ማስረጃዎቹ ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን ለከሳሽ በጭምብል መመለስ፣ እውነቱ ከደራሲው ጋር ቢሆን እንኳ፣ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም። ክርክሩ በዚያ አላበቃም። ጆን ጎልት በ1823 ያሳተመው «ሪንጋን ጊልሄዝ» ያንኑ ዘመን ከኪዳናውያን ልብ ውስጥ ሆኖ የሚተርክ ሌላ ልቦለድ ነው። አንዱ መጽሐፍ ያስቀየመውን ሌላው መጽሐፍ መለሰለት፤ ስኮትላንድም ሁለቱንም አተረፈች።

ሴራ ይለወጥልን የሚሉም ነበሩ። «አይቫንሆ» በተባለው የስኮት ልቦለድ ውስጥ ሞተ የተባለው ባላባት አተልስታን ድንገት ከነሕይወቱ ብቅ ይላል። ስኮት ያለ መሸፋፈን እንደጻፈው ይህ የሆነው ባለንታይን በሰውየው ሞት አዝኖ አጥብቆ ስለለመነው ነው። መሸነፉ መጽሐፉን አልጠቀመውም፤ ትንሣኤው ታሪኩ በከበደበት ሰዓት ክብደቱን ያረግፈዋል። በርብቃ ጉዳይ ግን አልተሸነፈም። ብዙ አንባቢ አይቫንሆ ከሮዌና ይልቅ አይሁዳዊቷን ርብቃን ማግባት ነበረበት አለ። ስኮት በ1830 መቅድሙ የዚያ ዘመን ጭፍን ጥላቻ እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንደማይፈቅድ አስረዳ፤ ደግነት በምድራዊ ሽልማት ይመነዘራል የሚለውን ትምህርትም ለወጣት አንባቢዎች ጎጂ ነው አለ። ለወዳጅ የተፈቀደው ትንሹ ነገር መጽሐፉን ሲያሳስተው ለብዙዎች የተከለከለው ትልቁ ነገር ርብቃን ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ የማትረሳ አደረጋት። ልቦለድ ጸሐፊው ዊሊያም ታከሪ እንኳ ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለቱን የሚያጋባ የራሱን ቀጣይ ታሪክ እስከ መጻፍ ደርሷል።

በ1826 አሳታሚው ኮንስታብልና የባለንታይን ማተሚያ ቤት ከሰሩ፤ በስኮት ትከሻ ላይ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ወደቀ። ምስጢሩም ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቆይ አልቻለም። በየካቲት 1827 ኤዲንብራ ውስጥ በተደረገ የተዋንያን መርጃ ግብዣ ላይ ደራሲነቱን በአደባባይ አመነ። ዕዳውን ለመክፈል ከ1829 ጀምሮ ልቦለዶቹ በአዲስ መቅድምና ማስታወሻ በየወሩ አንድ አንድ ቅጽ፣ በጠቅላላው 48 ቅጽ ሆነው ወጡ። ቀድሞ አንድ አዲስ ልቦለድ 31 ሺሊንግ ተኩል ያወጣ ነበር፤ የአዲሱ እትም ቅጽ 5 ሺሊንግ ነው። ሎክሃርት የወሩ ሽያጭ 35,000 ደርሶ እንደነበር ይናገራል።

«ይህ በእርግጥ ሆኗል?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘው በዚህ እትም ነው። የአዲሱ እትም አሳታሚ ካደል በየገጹ መሐል ባዶ ወረቀት ያስገባባቸው ቅጂዎች ላይ ስኮት ሰነድ፣ የቃል ምስክርነት፣ የሰማውንና የተሳሳተውን ጻፈ። «አይቫንሆ» ውስጥ የጋሻ ምልክት ሕግ ጥሰሃል ያሉትን አንባቢዎች፣ ሕጉ ራሱ በመስቀል ጦርነት ዘመን ገና ጀማሪ ነበር ብሎ ይመልሳል። ወይዘሮ ጎልዲም በሕይወት የሉም ነበርና ስማቸው በ1830 ታተመ፤ ደብዳቤያቸው ከነሙሉ ቃሉ በልቦለዱ ፊት ገባ። ስኮትም በሄለን መቃብር ላይ በ1831 ድንጋይ አቁሞ ምኞታቸውን ፈጸመ።

ዛሬ ለምሁራን ዋቢ የሆነው፣ ከ1993 እስከ 2012 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው ባለ 30 ቅጽ እትም የመጀመሪያዎቹን ኅትመቶች መሠረት አድርጓል፤ የኋለኞቹን መቅድሞችና ማስታወሻዎች ለብቻቸው በሁለት ቅጽ አስቀምጧቸዋል። ለጽሑፍ ጥናት ውሳኔው ተገቢ ነው፤ የ1818 አንባቢ ያየውን መጽሐፍ ያሳየናል። ኪሳራም አለው፤ «የሚድሎቲያን ልብ»ን በዚያ ቅጽ ብቻ የሚያነብብ ሰው ወይዘሮ ጎልዲን አያገኛቸውም። ስለዚህ ልቦለዱን የሚያስተምር መምህር ወይም የሚተረጉም ሰው የ1830ውን መቅድም አብሮ ማቅረብ አለበት፤ ደብዳቤው ለጂኒ ዲንስ መፈጠር ምክንያት የሆነ ሰነድ ነውና።